የዓሣ መረብ መጠገኛ ቦታና ብርሃን

በጣናና በዝዋይ ሐይቆች ዓሣ አስጋሪው መረቡን ማታ ጥሎ ጠዋት ያነሣል። የተቀደደውን የሚጠግነው እስከ ማታ ባሉት ሰዓቶች ነው። ጊዜ አጥሮት በጨለማ ቤት ሲሠራ ቀዳዳው ሳይታይ ያልፋል፤ አዲሱም የመረብ ዓይን ልኩን ይስታል። ዓይኑ ከሰፋ ዓሣው ያመልጣል፤ ከጠበበ ገና ያልራባውን ዓሣ ይይዛል። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኮሚቴዎች የሚከተለውን ለአባላት እንዲያስተምሩ እናሳስባለን።

1. ቦታ፦ በመስኮት ወይም በበር አጠገብ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ገመድ ይወጠር። መረቡ ለተቀመጠ ሰው በደረቱ ትክክል ይሰቀል። ከበስተጀርባው ጥቁር ጨርቅ ቢጋረድ የነጭ ክር መረብ ቀዳዳ በግልጽ ይታያል።

2. ብርሃን፦ በቀኝ እጁ ለሚሠራ ሰው ብርሃኑ በግራ በኩል ይምጣ፤ የእጁ ጥላ ቋጠሮውን አይሸፍንበትም። ማታ በባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ይጠቀም። ናይለን በእሳት ስለሚቀልጥ ኩራዝ አይቅረብ።

3. ልክ፦ ለምሳሌ ሲወጠር 10 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ዓይን፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት መለኪያ ይሆናል። ክሩ በእንጨቱ ላይ እየዞረ ይቋጠር።

4. አቀማመጥ፦ ፀሐይ የናይለንን ጥንካሬ ይቀንሳል። ሥራው ሲያልቅ መረቡ ከአይጥ ተጠብቆ በጥላ ይሰቀል።

ማኅበሩ አንድ የጋራ መጠገኛ ክፍል እንዲያዘጋጅ እንመክራለን። መብራቱንና መለኪያውን ሁሉም ይጠቀምበታል፤ አዲሱም አባል ከነባሩ ጎን ተቀምጦ ይማራል።