የከፈልኩበት 10 ሜጋ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ቤቴ 10 ሜጋ ኢንተርኔት አስገብቻለሁ። ፋይል ሳወርድ ግን ኮምፒውተሩ 1.1 ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ አልተታለሉም። ውሉ ላይ ያለው 10 ሜጋ ቢት ነው፤ ኮምፒውተርዎ ደግሞ ሲያወርድ የሚቆጥረው በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ይመጣል። መረጃው የአድራሻና የመቆጣጠሪያ ሸክም ይዞ ስለሚጓዝ ከዚያም ላይ ትንሽ ይቀንሳል። 1.1 ካገኙ መስመርዎ ደህና ነው።

በትክክል ለመለካት ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙት። ራውተሩ ሳሎን ሆኖ መኝታ ቤት ውስጥ በስልክ ቢለኩ፣ የሚያዩት ግድግዳ ያዳከመውን የዋይፋይ ፍጥነት ነው። የሌሎችን ስልኮችም ለጊዜው ከዋይፋይ ያውጡ፤ አንዱ ስልክ ብቻውን ፎቶ ወደ ጉግል እየጫነ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ስፒድቴስት የተባለውን የፍጥነት መለኪያ ይክፈቱ። ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለ ሰርቨር ስለሚመርጥ ውጤቱ ያማረ ይሆናል፤ የሚያዩት ቪዲዮ ግን ከሩቅ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በፋስት ዶት ኮምም ይድገሙት፤ እሱ የሚለካው ከኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ነው። አንድ ጊዜ ለክቶ መፍረድ አይበቃም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይና ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ለሳምንት ያህል እየለኩ ደብተር ላይ ይጻፉ። ቅሬታ ማቅረብ ካስፈለገ ያ ደብተር ይናገርልዎታል።

የቪዲዮ ጥሪ የሚቆራረጥብዎት ከሆነ ግን ፒንጉን፣ ማለትም መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ፣ ይዩ። ሌላ ሰው ትልቅ ፋይል እየላከ ሳለ ፒንጉ ከ30 ወደ 400 ሚሊሰከንድ ከዘለለ፣ ችግሩ መስመሩ በዚያ ፋይል መጨናነቁ ነው።