ናስን በእሳት ስለ ማለዘብ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ለብረት እውነት ነው፤ ለናስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንጥረኛ ናስን የሚቀጠቅጠው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ወደ እሳት የሚመልሰውም ሲጠነክርበት ለማለዘብ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ሁላችን የምናውቀውን የጥይት ቀለህ ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ።

የቀለህ ናስ ከመቶ 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ባዶው ቀለህም ቢሆን ባሩድና እርሳስ እንደ ገና ሊሞላ ስለሚችል ከንቱ ዕቃ አይደለም። ነገር ግን ደጋግሞ የተሞላ ቀለህ አንገቱ ይሰነጠቃል። ስለ ምን?

በናስ ውስጥ አቶሞች በረድፍ በረድፍ ተሰልፈው ይገኛሉ። ናሱ ሲቀጠቀጥ ወይም ሲለጠጥ ረድፎቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ ሰልፉም እየተዛባ ይተበተባል። ስለዚህ ናሱ ይጠነክራል፤ ከዚያም አልፎ ቢመታ ይሰነጠቃል። ሙቀት ሲያገኝ ግን በተዛባው ሰልፍ ፈንታ አዲስና የተስተካከለ ሰልፍ ይበቅላል፤ ናሱም ይለዝባል።

በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ሊታወቁ ይገባል።

1ኛ/ የሙቀቱ ልክ፤ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ለውጡ እጅግ ጥቂት ነው። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ናሱ ይደክማል፤ ከ900 ዲግሪ በላይ ሲደርስም ዚንኩ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ጢሱን የተነፈሰ ሰው ይታመማል።

2ኛ/ አቀዛቀዙ፤ የጋለ የቢላዋ ብረት ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። ናስ ግን ቢነከርም በአየር ቢቀዘቅዝም ያው ለስላሳ ነው።

3ኛ/ ቦታው፤ በቀለህ ላይ የሚለዝበው አንገቱ ብቻ ነው። ግርጌው ከለዘበ፣ ባሩዱ ሲቃጠል የሚነሣውን ኃይል መቋቋም አቅቶት እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል።

የዚህ ዕውቀት ጉድለት ምን እንደሚያስከትል በሕንድ አገር ታይቷል። የእንግሊዝ ጦር ያከማቸው ጥይት በክረምት ወራት ማንም ሳይነካው ይሰነጠቅ ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. በታተመ ምርምር ምክንያቱ ተገለጸ፤ ይኸውም ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከእርጥበት ጋር ሆኖ፣ በናሱ ውስጥ ውጥረት ባለበት ቦታ ስለሚበላው ነው። በ250 ዲግሪ ገደማ ጥቂት ጊዜ ማሞቅ ያንን ውጥረት ያስወግዳል።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚወድ ተማሪ፣ መምህር ባለበት፣ ልባሱ የተላጠ የመዳብ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ያጣጥፍ፤ ሽቦው እየጠነከረ ይሄዳል። ከዚያ በእሳት አግሎ ያቀዝቅዘውና እንደ ገና ያጣጥፈው፤ እንደ ቀድሞው ይታዘዝለታል። ነገር ግን በሜዳ የተገኘ ጥይትም ሆነ ቀለህ ወደ እሳት ከቶ አይቅረብ! ባዶ የመሰለው ሁሉ ባዶ አይደለም፤ ዓይንና ጣትም ከጠፉ በኋላ አይመለሱም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እኛ ከመጽሐፍ የምንማረውን ይህን ጥበብ አንጥረኛው በዓይኑና በእጁ ሲያውቀው ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። በሾኔ ገበያ ማጭዱን እየገዛን ቀጥቃጩን የምንንቅ ከሆነ፣ ገና ያልተማርነው ትምህርት አለ ማለት ነው።