ማሰሪያ አንቀጽና ማስረጃ

አስረጂ ድርሰት የሚጽፍ ሰው፣ ያየውን ከሚገምተው መለየት አለበት። በአማርኛ ይህን ልዩነት በአብዛኛው የሚያሳየው ማሰሪያ አንቀጹ ነው። «ግድግዳው ተሰንጥቋል» ስንል ያየነውን እንናገራለን። «የመሬት መንቀጥቀጥ ሰንጥቆት ይሆናል» ስንል እንገምታለን። «ሳይሰነጥቀው አልቀረም» ስንል ደግሞ ግምታችን በማስረጃ ጠንክሯል ማለት ነው።

ለምሳሌ ጎንደርን ተመልከቱ። በፋሲል ግቢ የሚገኘውን የቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል። ነገር ግን በ1941 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያኖች በከተማይቱ መሽገው ሳሉ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብም ጎድቶታል። ስለዚህ አንድ ተማሪ በግቢው ውስጥ አንድ ስንጥቅ አይቶ «ይህ የ1704ቱ መንቀጥቀጥ ሥራ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ማሰሪያ አንቀጹ ማስረጃውን ቀድሞታል። እንዲህ ያለውን ስሕተት በብዙ ደብተር ላይ በቀይ ቀለም አርሜአለሁ።

በግዕዝ «ድልቅልቅ» የሚባለው የምድር መናወጥ ከግንብም ከብራናም ይልቅ በአፈር ውስጥ ረዥም መዝገብ አለው። ጎንደር ከተቆረቆረች አራት መቶ ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ታላላቅ መንቀጥቀጦች ግን በአንድ ስፍራ ከሺህ ዓመታት በኋላም ሊደገሙ ይችላሉ። ስለዚህ የሥነ ምድር ሊቃውንት የመሬት ስብራት ወዳለበት ሄደው፣ ስብራቱን የሚያቋርጥ ቦይ ይቆፍራሉ። በቦዩ ግድግዳ ላይ የአፈሩ ንጣፎች ተደራርበው ይታያሉ። የታችኞቹ ንጣፎች ተቆርጠው አንዱ ወገን ዝቅ ብሎ፣ የላይኛው ግን ሳይቆረጥ ቢገኝ፣ መንቀጥቀጡ የደረሰው የታችኞቹ ከተነጠፉ በኋላ፣ የላይኛው ከመነጠፉ በፊት ነው። (ናዳም አፈር ይቆርጣልና ይህ አስቀድሞ መጣራት አለበት፤ በደጋው ተዳፋት ላይ በተለይ።) በንጣፎቹ መካከል ከሰል ከተገኘ ዕድሜው በራዲዮካርቦን ይለካል፤ ዘዴው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ያገለግላል። የተገኘው ውጤት ቀኑን አይነግረንም፤ «ከዚህ በኋላ፣ ከዚያ በፊት» ይለናል እንጂ። ንጣፉ ዝቅ ያለበት መጠን የመንቀጥቀጡን ኃይል ለመገመት ይረዳል። በአንድ ቦይ ውስጥ የብዙ መንቀጥቀጦች ምልክት ከተነበበ ደግሞ በስንት ዘመን እንደሚመላለሱ ይገመታል። ትምህርት ቤት ወይም ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ አጥብቆ የሚሻው ይህን ነው።

ጎንደር ከስምጥ ሸለቆ ርቃ ስለምትገኝ ሥጋቷ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. በካራቆሬው መንቀጥቀጥ ከፈረሰችው ከማጀቴ ያነሰ ነው። ሆኖም «ያነሰ ነው» እና «የለም» የተለያዩ ማሰሪያ አንቀጾች ናቸው። «ጎንደር አትናወጥም» የሚለውን የ1704ቱ መንቀጥቀጥ አፍርሶታል።

መልመጃ

ሀ. ከሚከተሉት መካከል ማሰሪያ አንቀጹ ከማስረጃው የቀደመበትን ለይታችሁ አስተካክሉ።
፩. ካቡ ስለ ተናደ ትናንት ሌሊት መሬት ተንቀጥቅጧል።
፪. ሦስተኛው ንጣፍ ተቆርጧል፤ በላዩ ያለው ሁለተኛው ግን አልተቆረጠም።

ለ. በአካባቢያችሁ አንድ የተሰነጠቀ ግድግዳ መርጣችሁ፣ ያያችሁትን በአንድ አንቀጽ፣ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ምክንያቶችን በሌላ አንቀጽ ጻፉ።