ስኮላርሺፑ የማይከፍለው ወጪ

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን ኮሪደር ከሚለጠፉት ማስታወቂያዎች ውስጥ ተማሪው ቆሞ የሚያነባቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ የውጤት ዝርዝር፣ ሌላው የውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል። በሁለተኛው ላይ «ሙሉ ወጪ የሚሸፈን» የሚል ቃል ካለ በስልኩ ፎቶ የማያነሳው የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያ «ሙሉ» የተባለው ለደባርቅና ለዳባት ልጅ ምን ያህል ሙሉ እንደሆነ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አብዛኛው ስኮላርሺፕ የሚከፍለው ተማሪው ከደረሰ በኋላ ላለው ጊዜ ነው። ፉልብራይትን የመሳሰሉ የመንግሥት ፕሮግራሞች የአውሮፕላን ትኬት ጭምር ይሸፍናሉ። ብዙዎቻችን የምናመለክትበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አሲስታንትሺፕ ግን የትምህርት ክፍያና ወርኃዊ አበል ይሰጣል እንጂ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ አይመለከተውም። የመጀመሪያው አበልም የሚገባው ሥራ ከተጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ በተማሪውና በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ነው።

ለምሳሌ ሁለት ቋሚ ክፍያዎችን ብቻ እንውሰድ። ሴቪስ ለተባለው የውጭ ተማሪዎች ምዝገባ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 350 ዶላር፣ ለቪዛ ማመልከቻ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 185 ዶላር ይጠየቃል፤ ድምሩ 535 ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 30,500 ብር ያህል ማለት ነበር። በዓመቱ ዶላር ከ130 ብር ሲያልፍ ያው 535 ዶላር ወደ 70,000 ብር ተጠጋ። እዚህ ላይ ግን ሐቁን መናገር ይገባል፤ በ57 ብር ዶላር ያገኘ ተማሪ እኔ በበኩሌ አላውቅም። ውጭ ዘመድ ያለው በዘመዱ ካርድ ያስከፍላል፣ የሌለው ከጥቁር ገበያ ይገዛል። ስለዚህ የምንዛሪ ለውጡ አዲስ ችግር ፈጠረ ከማለት በጓዳ የነበረውን ዋጋ ወደ ባንክ መስኮት አወጣው ማለት ይቀላል። የተማሪው ቤተሰብ ደመወዝ ግን ዶላሩን ተከትሎ አልወጣም።

ሁለተኛው ወጪ በዶላር አይቆጠርም። የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ከደባርቅ አዲስ አበባ ደግሞ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድሮ ይህ ድካም ብቻ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ሲደርስ፣ ከዚያም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭቱ ሲስፋፋ ድካሙ ወደ ስጋት ተለወጠ። መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የፈተና ቀጠሮ ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። «ከቤት ሆናችሁ በኢንተርኔት ተፈተኑ» የሚሉን አሉ። ጥሩ ምክር ነው፤ ነገር ግን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በምን እንፈተን?

የወጪ መጋራትንም (ኮስት ሼሪንግ) መርሳት አይገባም። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ሥርዓት እዳውን ያልጨረሰ ተመራቂ ኦሪጅናል ዲግሪውን እንዳይወስድ ያደርጋል። ውጭ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲል እኛ ቴምፖራሪ ይዘን እንቆማለን።

ከእኛ ቀድማ የተመረቀች አንዲት የዳባት ልጅ ይህን ሁሉ አለፈችው። ፈተናውን ለመውሰድ ሁለት ጊዜ ተጉዛለች፤ የመጀመሪያው ጊዜ መኪናው ከመንገድ ተመልሶ ገንዘቡ ባክኖባታል። እናቷ የዕቁብ ዕጣቸውን አስቀድመው ለምነው ወሰዱላት። አሲስታንትሺፑ ሲመጣ ዶርም ውስጥ እልል ተባለ። የቪዛ ቀጠሮ ልትይዝ ስትል ግን የአሜሪካ መንግሥት ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተማሪዎች አዲስ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ መስጠት አቆመ። ሰኔ 11 የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችን ከሚፈትሽ አሠራር ጋር እንደገና ሲጀመር የተገኘው ቀን ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነበር።

ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቻይና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ድንበሯን ስትዘጋ እረፍት ብለው አገራቸው የገቡ የውጭ ተማሪዎች እስከ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድረስ አዲስ ቪዛ ማግኘት ተስኗቸው ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ለኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ ማመልከቻ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል።

ታዲያ እንተወው? አይመስለኝም። በዚሁ በእኛ አካባቢ ሌላ ዓይነት መንገድ አለ። በቡታጅራ በ1986 እ.ኤ.አ. ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረውን የጤና ጥናት እናስታውስ፤ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች መረጃውን ቡታጅራ ሰብስበው፣ ለኮርስና ለጽሑፍ ብቻ እየተመላለሱ ፒኤችዲ ይዘዋል። ሳንድዊች የሚባለው ይህ ነው። ዳባትም በኋላ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ኮሌጅ በ1996 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ተመሳሳይ የጥናት ጣቢያ አላት፤ ልደቱንና ሞቱን ቤት ለቤት ይመዘግባል። ስሜንንማ የዓለም ተመራማሪ ያውቀዋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ የሠራው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ስለ አፈር መሸርሸር ያጠናው እዚሁ ነው፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጭላዳን ሲከታተሉ ቆይተዋል። ሌላው ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣበትን ቁም ነገር እኛ በእግራችን እንደርስበታለን። በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አንድ እንኳ የጋራ የማስተርስ ፕሮግራም ቢኖረው፣ ከላይ የቆጠርኩት ወጪ ግማሹ ይቀራል ባይ ነኝ። እርግጥ ሳንድዊችም የለጋሽ ገንዘብና ለአጭር ጊዜም ቢሆን ቪዛ ይፈልጋል፤ 45 ቀኑ እዚያም ይጠብቃል።

የዳባቷ ልጅ ለሳንድዊች ጊዜ የላትም። ዩኒቨርሲቲው ቦታዋን ለአንድ ዓመት አቆየላት፤ እሷም ያንን ዓመት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቤት እየሄደች ሒሳብ በማስጠናት አሳለፈችው። የምታገኘው ለዕቁቡ መልስ ይሄዳል። የእንግሊዝኛ ፈተናዋ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ አንዱ እንዲሁ አለፈ።