ከልደታና ከዓረብ አገር ወደ ገጠር የሚላክ ገንዘብ፦ «ፍጆታ» የሚባለው ወጪ ሲመረመር

ስለ ሐዋላ ገንዘብ የተጻፉ አብዛኞቹ ጥናቶች የቤተሰብን ወጪ ከሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ «ፍጆታ»፣ ሌላው «ኢንቨስትመንት» ይባላል። የገጠር ቤተሰብ የተላከለትን በአብዛኛው ለእህል፣ ለልብስ፣ ለዕዳና ለቤት ስለሚያውለው ገንዘቡ ልማት አያመጣም የሚለው ድምዳሜም ከዚሁ አከፋፈል የሚመነጭ ነው። አከፋፈሉ ግን በበሬ አርሶ ለሚኖር የደጋና የወይና ደጋ ቤተሰብ በቅጡ አይስማማም።

ለዚህ ከልደታ ክፍለ ከተማ መነሣት ይቻላል። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና ፎቆች መሠራት ሲጀምሩ፣ የግንባታው ሥራ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌና ከወላይታ ገጠሮች ለሚመጡ የቀን ሠራተኞች እንጀራ ሆነ። ሠራተኛው ወደ ቤቱ የሚልከው ገንዘብ ጥቂትና ያልተቋረጠ ፍሰት የሌለው ነው። ቀድሞ የአገር ልጅ ወደ ቀዬው ሲመለስ በእጁ ይላክ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ገንዘቡ በተፈለገበት ዕለት ሊደርስ ይችላል፤ ምንም እንኳ ጥሬ ብሩን ለማውጣት ወደ ቅርቡ የገበያ ከተማ መውረድ ባይቀርም። ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። የገጠር ቤተሰብ ችግር የገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን የጊዜ አለመገጣጠምም ነውና፤ በሰኔ ማዳበሪያ ይገዛል፣ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይራቆታል፣ በመስከረም የልጆች ደብተር ይመጣል፣ እህሉ ግን የሚገባው ከኅዳር በኋላ ነው።

በነሐሴ የደረሰ ጥቂት መቶ ብር በመጠይቅ ላይ «ለምግብ ዋለ» ተብሎ ይመዘገባል። በተግባር ያደረገው ነገር ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፦ ቤተሰቡ በሬውን በርካሽ እንዳይሸጥ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ደጅ እንዳይቆም አድርጎታል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ተጣምሮ በተራ ያርሳል፤ ተራው እስኪደርስ የዘር ወቅት ሊያልፈው ይችላል። በሬ ጨርሶ የሌለው ደግሞ መሬቱን ለሌላ በእኩል ሰጥቶ ከምርቱ ግማሹን ያጣል። እንግዲህ በሬው እንዳይሸጥ ያደረገው እህል ፍጆታ ነው ወይስ መዋዕለ ንዋይ? ሮበርት ሉካስና ኦደድ ስታርክ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ቦትስዋና ባሳተሙት ጥናት፣ በድርቅ ጊዜ ለአደጋ የተጋለጠ ከብት ላላቸው ቤተሰቦች የሚላከው ገንዘብ ከፍ እንደሚል ማሳየታቸው ይህንኑ የመድን ጠባይ ያጠናክራል።

ከዓረብ አገር የሚመጣው ገንዘብ መጠኑም መንገዱም ይለያል። በደቡብ ወሎ በቃሉ፣ በወረባቦና በተሁለደሬ ወረዳዎች እንደሚታወቀው፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ የሚሄደው ለደላላና ለጉዞ ለተበደሩት ዕዳ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የቆርቆሮ ቤት ይመጣል፤ አቅም ከተገኘም በአቅራቢያው ከተማ ቦታ ይገዛል። ይህን የከተማ ቤት ብክነት አድርጎ መቁጠር ችኮላ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት ስለማይሸጥ ስለማይለወጥ፣ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ እርሻውን በግዢ ማስፋት አይችልም፤ የቀረው መንገድ የእኩል፣ ኮንትራት ወይም ወለድ አገድ ነው። ገንዘቡ ወደ ከተማ የሚፈሰው ገበሬው እርሻን ስለናቀ ብቻ ሳይሆን በገጠር የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ጭምር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የተገዛው ነገር በማን ስም ይቆማል የሚለው ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱት በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ገንዘቡን የሚቀበሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አባት፣ ወንድም ወይም ባል። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞውን ካገደ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ይህ ጉዳይ ገሃድ ወጣ። ለዓመታት የላከችው ገንዘብ በወንድሟ ስም ቤት ሆኖ ወይም ለቤተሰቡ ቀለብ አልቆ የጠበቃት ሴት ብዙ ናት። ቤተሰቡ እንደ አንድ አካል ቢለካ ሀብቱ ጨምሯል፤ እርሷ ግን ባዶ እጇን ናት፣ ዳግመኛ ለመሰደድም ምክንያት አላት። ጉዞውን እንደገና በሕግ ያስያዘው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ስለ አሠሪና ስለ ኤጀንሲ በዝርዝር ይደነግጋል፤ በላኪዋና በተቀባዩ ቤተሰብ መካከል ያለው ውል ግን የቃልና የይሉኝታ ነው።

የመረጃው ምንጭም ጥንቃቄ ይሻል። በአማርኛ «ሐዋላ» የሚለው አንድ ቃል የባንኩንም የነጋዴውንም መንገድ ይጠራል፤ ተጠያቂው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ካልተጠየቀ መልሱ ይደበላለቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በሁለቱ መካከል የነበረው የተመን ልዩነት ሰፊ ስለነበር፣ በባንክ መዝገብ ላይ የሚታየው ከገባው ከፊሉን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በባንክ የሚገባው ቢጨምር የተላከው ገንዘብ በዚያው ልክ ጨመረ ማለት ላይሆን ይችላል፤ መንገድ የቀየረም ይኖራልና። መጠይቅ የሚሞላበት ወርም እንዲሁ መልሱን ይለውጣል፦ በነሐሴ ስለ እህል የሚናገረው ቤተሰብ በጥር ቢጠየቅ ስለ ቆርቆሮና ስለ ሠርግ ይናገራል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ከተቀባዩ ጋር ላኪዋንም ለብቻዋ መጠየቅ፣ ለእያንዳንዱ ንብረትም በማን ስም እንደተመዘገበ መለየት ያስፈልጋል።