ውኃው ከሸሸ በኋላ



ቀሐን የማያውቅ በመካከላችን የለም። በበጋ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለልን የምንሻገረው፣ ክረምት ሲገባ ግን ደፍርሶ የሚያስፈራ ወንዝ ነው። የዐፄ ፋሲል መዋኛ ለጥምቀት በዓል የሚሞላው ከዚሁ ወንዝ በሚጠለፍ ውኃ መሆኑን ለእንግዳ ስንነግር ደስ ይለናል። ከከተማው ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚጠይቀን የለም፤ እኛም አናነሣውም። ቀሐም፣ የከተማችን አንገረብም (ወደ ሱዳን የሚወርደው ትልቁ አንገረብ ሌላ ነው) መጨረሻቸው መገጭ ነው። መገጭም የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። እንግዲህ ጎንደር ላይ በየጣሪያችን የወረደው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ በደንቢያ ገበሬ ደጃፍ ያልፋል ማለት ነው። ይህ ጥናት ስለዚያ ገበሬ ነው፤ ይልቁንም ጎርፉ ካለፈ በኋላ ስላለው ኑሮው ነው።

በውቅያኖስ ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች በብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተመትተው ቤት ንብረታቸው እንደሚጠፋ በየጊዜው እንሰማለን። እኛ ውቅያኖስ የለንም። ነገር ግን የጣና ዳር ሰው ሐይቁን «ባሕር» ነው የሚለው፤ የባሕር ዳር ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ጣና ገበቴ እንጂ እንስራ አይደለም ብንል ያስኬዳል። ዋና ዋናዎቹ ገባሮቹ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው፤ በተፈጥሮ ያለው መውጫ ግን አንድ ዓባይ ብቻ ነው። ክረምቱ ሲበረታ ሐይቁ ይሞላል፤ ሐይቁ ሲሞላ ወንዞቹ መግቢያ ያጣሉ፤ ሜዳውም እጅግ ለጥ ያለ ስለሆነ ውኃው ወደ ጎን ይተኛል። ከደጋው ታጥቦ የሚወርደው ደለል ደግሞ የወንዞቹን ወለል ከፍ ስለሚያደርገው ትንሹም ዝናብ ከዳር ይወጣል።

በ1995 ዓ.ም የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሐይቁ ከወትሮው እጅግ ጎድሎ መርከቦች እስኪቸገሩ ድረስ ወረደ፤ ውኃው በለቀቀውም መሬት ላይ ብዙ ገበሬ አረሰ። ሦስት ዓመት ቆይቶ የ1998 ዓ.ም ክረምት መጣ። ያ ክረምት ለአገራችን ክፉ ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሰፈሮችን ጠርጎ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በነሐሴ ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተነገረ። ከዚያ ተራው የጣና ዳር ሆነ። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። በ2012 ዓ.ም ክረምት ማብቂያ ላይም እነዚሁ ወረዳዎች እንደገና ተጥለቀለቁ።

የጣና ጎርፍ እንደ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ጠርጎ አይሄድም። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ» እንደሚባለው ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሰውም ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን ነድቶ ከፍ ወዳለ ቦታ ለመሸሽ ብዙ ጊዜ ፋታ ያገኛል። የሚሞተው ጥቂት በመሆኑ ወሬው ቶሎ ይረሳል። ጉዳቱ ግን የሚቆጠረው ውኃው ከሸሸ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ቤቱ አለ። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ሥሩ ይርሳል፤ ቆሞ የሚታየው ቤት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ውኃው ጎደለ ብሎ ዘሎ መግባት አይገባም። የመጠጥ ጉድጓዱ ከሰውና ከከብት እድፍ ጋር ስለተቀላቀለ ተቀድቶና ተጠርጎ መድኃኒት እስኪጨመርበት ድረስ ውኃው ሳይፈላ አይጠጣም። እህሉም እንዲሁ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ሰብሉ ገና በማሳ ሳለ ነው፤ በጎታ የቀረችው ደግሞ የክረምት ቀለብ ትራፊ ናት። ስለዚህ የሚበላውም የሚዘራውም አብሮ ይሄዳል። ስለ በሬ ብዙ ሲባል አንሰማም፤ ነገር ግን ግጦሹ በደለል የተሸፈነበት፣ ገለባው የበሰበሰበት ሰው በሬውን በርካሽ ይሸጥና ለመጪው ዓመት የሚያርስበት ያጣል። በእኛ ግምት ከሁሉ የከፋው ይኸው ነው። ቤት በደቦ ይሠራል፤ በሬ ግን በደቦ አይወለድም።

ቀጥሎ ወባ ይመጣል። የወባ ትንኝ በኃይል በሚፈስ ውኃ አትራባም፤ የምትራባው ውኃው ሲሸሽ በየጉድባው፣ በከብት ኮቴ ሳይቀር ታቁሮ በሚቀረው ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የእርዳታው መኪና ከተመለሰ በኋላ፣ አጎበሩ በጎርፍ የሄደበት ቤተ ሰብ በወባ ይያዛል። ይህ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በቆላ ድባ አካባቢ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቶ ነበር። በ1947 ዓ.ም በከተማችን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነው። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከመካከላችን ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ሁሉ ትምህርት ቤቱ የተተከለው በደንቢያ ሰው ሞት ምክንያት መሆኑን ልብ ይበል።

በጓያ ነገር ላይ ደግሞ ትንሽ እንቆይ። ጓያ ብርቱ እህል ነው፤ ውኃ በተኛበት ጥቁር መሬት ላይም፣ ዝናብ ባጠረበትም ቦታ ይበቅላል። ሌላው ሰብል በጎርፍ ሲጠፋ ገበሬው ውኃው በሸሸበት እርጥብ መሬት ላይ ሽንብራና ጓያ ይዘራል። ይህ ብልሃት ብዙ ቤት አድኗል። ነገር ግን ጓያ ለወራት በየቀኑ ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭ ይጎዳል፤ እግር ያሰልላል፤ የሰለለውም እግር አይመለስም። ሐኪሞች በደንቢያና በፎገራ ሄደው አጥንተውታል። ከሽማግሌ ይልቅ ወጣቱን፣ ከሴትም ይልቅ ወንዱን አብዝቶ ይመታል። በሌላ አነጋገር የእኛን እኩዮች ነው። ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል ይባላል፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ የሚቀላቅለው እህል ያለው ሰው ቀድሞውንስ መች ጓያ ብቻ ይበላል? ከጎርፍ በኋላ ባሉት የችግር ወራት በአንድ ቤት ጥቂት ቁና ሌላ እህል መኖሩና አለመኖሩ የአንድ ወጣት እግር ጉዳይ ነው።

የሌላውን ዓለም ሁኔታ ብንመለከት፣ በነሐሴ 1997 ዓ.ም ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአሜሪካ የኒው ኦርሊንስን ከተማ ሲመታ የውኃ መከላከያ ግንቦቿ ፈርሰው ከመቶ 80 እጅ ያህሏ በውኃ ተሸፈነ። አገሩ ሀብታም ነው። ሆኖም በፈረንጆች 2000 በተደረገው ቆጠራ 484 ሺህ ያህል የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ2010 ሲቆጠር 344 ሺህ ያህል ብቻ ሆነ። ቤቱ ያልተሠራለት፣ ሥራው የጠፋበት ሰው ብዙው እንደ ወጣ ቀረ። ባንግላዴሽ ግን ድኻ አገር ሆና ሌላ ነገር አሳይታለች። ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል በነበረበት በኅዳር 1963 ዓ.ም አንድ ዐውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ ከፍ ያሉ መጠለያዎች ተሠሩ፤ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ተመልምለው በእግርና በብስክሌት እየዞሩ በድምፅ ማጉያ ሕዝቡን እንዲያስጠነቅቁ ተደረገ። በኅዳር 2000 ዓ.ም ሲድር የተባለ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ይህም ብዙ ነው፤ ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ግን የዳነው ሰው ብዛት ያስደንቃል። ከበጎ ፈቃደኞቹም ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው።

በጥናታችን ላይ «ታዲያ ለምን ከዚያ አይነሡም?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራከረን። አንዳንዶቻችን መንግሥት ወደ ደጋው ያስፍራቸው አልን። ነገር ግን የደጋው መሬት ራሱ ተይዟል፤ አፈሩም ታጥቦ አልቋል። ታጥቦ የሄደውስ ወዴት ነው? ደንቢያ ነው። ገበሬው ውኃው እየጎደለ ሲሄድ እየተከተለ የሚዘራበት «ባሕር ሸሽ» መሬት ለም የሆነው በዚያው ደለል ነው። የሚጎዳውም የሚያበላውም አንድ ውኃ ከሆነ፣ ሰውየውን ሞኝ ማለት አይገባንም። በፎገራ ደግሞ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ለሩዝ አዋሉት። ሩዙ በ1970ዎቹ አካባቢ ሲሞከር ብዙ ሰው የገበሬ ምግብ ይሆናል ብሎ አላሰበም ነበር፤ ዛሬ ግን ፎገራ ሲነሣ ሩዝ ይነሣል፤ የሩዝ ምርምር ማዕከልም እዚያው ነው። መፍትሔው መሸሽ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። እርግጥ ቤቱን ከፍ ባለ ቦታ፣ እርሻውን በዝቅተኛው ማድረግ የሚቻልበት መንደር ቢኖር ያ ይሻላል፤ ክርክራችን በዚህ ተቋጨ።

አሁን ወደ ራሳችን ወንዝ እንመለስ። ከጎንደር ዙሪያ ተራሮች የሚታጠበው አፈር የከተማችንን የአንገረብ ግድብ እንኳ በደለል እየሞላው መሆኑ የታወቀ ነው። በቀሐ የሚጣለው ፌስታልና ቆሻሻ ደግሞ ሲወርድ ከመንገድ የሚያግደው የለም። በ2004 ዓ.ም በሰሜናዊው የጣና ዳርቻ የታየው እምቦጭ የሚደልበው ከየወንዙ በሚገባው አፈርና እድፍ ነው፤ እምቦጩም የግጦሹንና የባሕር ሸሹን መሬት ያለብሳል። ስለዚህ በየቤታችን በላይ ያለውን ቦይ መጥረግ፣ በወንዙ ዳር ዛፍ መትከል፣ ቆሻሻ ወደ ቀሐ የሚደፋውን በትሕትና መከልከል ለደንቢያ ከሚደረገው እርዳታ ተለይቶ አይታይም። በተራሮቹ ላይ ብርቱ ዝናብ ባደረ ጊዜ ደንቢያ ዘመድ ያለው ሁሉ ስልክ ደውሎ ቢነግር፣ እነርሱም ደወል ደውለው ወይም ጡሩንባ ነፍተው ቀሪውን ጎረቤት ያስጠነቅቃሉ።

ለዘንድሮ ክረምት ግን አንድ ነገር ተስማምተናል። ጎርፍ በደረሰ ቁጥር ልብስ የሚያዋጣ አይጠፋም፤ እኛ የምናዋጣው የሽንብራ ዘርና የሚቀላቀል እህል ይሆናል። የሽንብራ ዘር የሚፈለገው ውኃው ሲሸሽ፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ በመስከረም ነው። ስለዚህ መሰብሰብ ያለበት ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ጎርፉ ባይመጣ እህሉ አይበላሽም። ዘሩ ያልነቀዘና ያልተሰበረ ይሁን። (ክክ የሚያመጣ እንዳይኖር፤ ክክ ለወጥ እንጂ ለዘር አይሆንም።) እናቶቻችንንና የጽዋ ማኅበርተኞችን የምታነጋግሩ እኅቶች ከሰኔ መጨረሻ በፊት ጀምሩ። ቁናና ማዳበሪያ ያላችሁ ከጉባኤው በኋላ ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ከደንቢያ የመጡና እዚህ የሚማሩ ወንድሞች ደግሞ በየትኛው ቀበሌ በሬ የሌለው ቤት እንደሚበዛ ከቤተ ሰቦቻቸው ጠይቀው እስከ ሐምሌ አቦ ድረስ ዝርዝሩን እንዲያቀርቡ ተመድበዋል።