መምህር ልጅህን ሲመታ፦ ለጎብዬ ወጣት ወላጅ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ አንተም እነሆ ለወግ በቅተህ፣ ሴት ልጅህን ጎብዬ ላይ ትምህርት ቤት አስገብተሃል። አንድ ቀን አንገቷን ደፍታ መጥታ «መምህሩ መታኝ፤ ጎትቶ ከክፍል አስወጣኝ» ልትልህ ትችላለች። ያን ዕለት ልብህ ይነዳል፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ምክር አይሰማም። ስለዚህ አሁን፣ ነገሩ ሳይደርስ ስማኝ።

1. «ምን ብታጠፊ ነው?» አትበላት።

የእኛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህች ናት። ልጅ ይህን ስትሰማ ነገሩ ከመምህሩ እጅ ወደ እሷ ጥፋት እንደዞረ ይገባታል፤ የቀረውን ትውጠዋለች። ነገ የባሰ ቢደርስባትም አትነግርህም። «አብሽሪ ልጄ» በላት፤ አጠገብህ አስቀምጣትና ሳታቋርጣት አድምጣት። ጥፋት ካለባት የሚነገርበት ሌላ ቀን አለ።

2. ምን እንደተደረገ ለይ።

የሚደባደቡ ልጆችን ለመገላገል ክንድ መያዝ የመምህር ግዴታ ነው። በጥፊ መማታት፣ በኩርኩም ማለት፣ ጆሮ መጠምዘዝ፣ በጎማ መግረፍ፣ ማንበርከክ ግን ቅጣት ነው፤ ያውም የተከለከለ። ቀኑን፣ ክፍለ ጊዜውን፣ አጠገቧ የነበሩትን ጻፍ። እብጠት ወይም ቁስል ካለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዳት፤ የሕክምና ማስረጃውንም ተቀበል።

3. በቁጣህ ቀን ትምህርት ቤት አትሂድ።

የእኛ የራያ ሰው ለልጁ ሲል ቶሎ ይነሳል። አንድ ጥፊ ወደ ደም ሲዞር፣ ያን ደም ለማድረቅ ስንት ሽማግሌ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አገሬው ያውቃል። መምህሩን ሕዝብ ፊት ብትሰድበው ወይም እጅህን ብታነሳበት ወሬው ሁሉ ስለ አንተ ጠብ ይሆናል፤ የልጅቷ መመታት ይረሳል። እሷም «አባቴ እንዳይጣላ» ብላ ሁለተኛ አፏን አትከፍትም። አድረህ፣ ተረጋግተህ ሂድ።

4. ሕጉን አውቀህ ሂድ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያም የአካል ቅጣትን አይፈቅድም። «የወንጀል ሕጉ መቅጣትን ይፈቅዳል» የሚልህ ካለ፣ የ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 576 የሚፈቅደው ከሕግ ጋር የማይቃረን የማረሚያ ርምጃን ብቻ ነው በለው። ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ነገር እንዴት ከሕግ ጋር ይስማማል?

5. ሌሎች ወላጆችን ጠይቅ።

«ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት በአውሮፓውያኑ 2009 የስምንት ዓመት ኢትዮጵያውያን ልጆችን ጠይቆ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ከመጠየቃቸው በፊት በነበረው ሳምንት መምህር ተማሪ ሲመታ አይተዋል፤ ከአሥሩ አራት የሚያህሉት ራሳቸው ተመትተዋል። እንግዲህ የተመታችው ያንተ ልጅ ብቻ ላትሆን ትችላለች። ብቻህን ስትሄድ ተጣልተህ የመጣህ ይመስላል፤ ከሌሎች ወላጆች ጋር ስትሄድ ግን የክፍሉ ጉዳይ ይሆናል።

6. ደረጃውን ጠብቅ።

መጀመሪያ መምህሩን ራሳቸውን፣ ብቻቸውን፣ በአክብሮት አነጋግር፦ «መምህር፣ ልጄ እንዲህ ብላኛለች፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ካልሆነ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አቤት በል፤ ቅጂውን ያዝ። ቀጥሎ የወላጅ መምህር ኅብረት አለ፤ የተቋቋመው እንዲህ ላለው ነገር ጭምር ነው፣ ለመዋጮ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቆቦ ያለው የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወልድያ የዞኑ ትምህርት መምሪያ አለልህ።

7. ሽምግልና የት ላይ እንደሚቆም እወቅ።

ይህን የምልህ እኔው ሽማግሌ ሆኜ ነው። አባትና መምህር ሲቃቃሩ ማስታረቅ መልካም ነው። ነገር ግን «ስለ አላህ፣ ስለ ማርያም» ተብሎ ሁለቱ ሲታረቁ፣ የተመታችው ልጅ ሳትጠየቅ ከቀረች ዕርቁ ጎዶሎ ነው። በሽምግልናው ላይ ቃሏ ይሰማ፤ መምህሩም ዳግመኛ እጃቸውን እንደማያነሱ ቃል ይግቡ። አካሏ በጽኑ ከተጎዳ፣ ወይም መምህሩ ሰውነቷን በነውር ነክቷት ከሆነ ግን ሽማግሌ አትጥራ፤ የሚጠራህንም እንቢ በል። እንዲህ ያለው በቀጥታ የፖሊስና የሐኪም ጉዳይ ነው። ሕጉም በገዛ ተማሪው ላይ እንዲህ ያለ ነውር በፈጸመ ሰው ላይ ቅጣቱን ያከብዳል።

8. የመምህሩንም ሸክም እይ።

በሐምሌ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወደ ቆላችን ወረደ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ ተመለሰ። ዛሬ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ ተኩስ ሰምተዋል፤ መምህሮቻቸውም እንዲሁ። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነብር ልጅ በአለንጋ አይረጋጋም፤ የተጨናነቀ ክፍል የያዘ መምህርም በወቀሳ ብቻ አይታገዝም። የሚረብሹትን ልጆች ወላጆች ሰብስብ፤ ተራ ገብታችሁ ትምህርት ቤቱን ጎብኙ። ይህ እገዛ ነው እንጂ ለዱላ ፈቃድ አይደለም።

9. ከቤትህ ጀምር።

አንተ ቤትህ እየገረፍካት መምህሩን «ለምን መታሃት?» ብትል፣ ልጅቷ የምትማረው መመታት ክፉ መሆኑን ሳይሆን መምታት የማን መብት እንደሆነ ነው። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ብለን የለ? ከነጥፋቷም ውደዳት፤ ጥፋቷንም በቃል አርም።

10. የደረስክበትን ንገራት።

ብዙ አባት አቤት ብሎ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ለልጁ ሳይነግር ይቀራል። አንተ እንዲህ አታድርግ። ማንን እንዳነጋገርክ፣ መምህሩ ምን እንዳሉ፣ ምን እንደተወሰነ አስረዳት፤ ያልተሳካውንም አትደብቃት። ከነገ ጀምሮ በሰላም መማሯን ተከታተል፤ በቂም ማርኳ እንዳይነካ ጠይቅ። በልጅነቷ ተናግራ የተደመጠች ሴት፣ አድጋ በደል ሲደርስባት ለማንም ዝም አትልም።